ሙዚቃ ልማር ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውልልኝ ወላጅ ሁሉ ጥያቄው ይመሳሰላል፤ «ሲስተር፣ ነርስነት ይሻላታል ወይስ ፋርማሲ?» ነው። ዘንድሮ ግን አንዲት የአምዳችን ደንበኛ የሆኑ አያት ደውለው ሌላ ነገር አጫወቱኝ። የልጅ ልጃቸው ደህና ነጥብ አምጥቶ ሳለ «ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የምገባው» በማለቱ አባቱ አኩርፏል፤ ልጁም በበኩሉ አኩርፏል፤ ምሳ የሚበላው በየተራ ሆኗል። «እስቲ የማንን ግፊት ልለካ?» አሉኝ። «የራስዎን ይለኩ» ብያቸው ተሳሳቅን። ጥያቄያቸው ግን የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ የዛሬውን ገጽ ለእሱ ሰጠሁት።

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከመርፌ፣ ከቁስልና ከአራስ ጋር ነው የኖርኩት። ይሁንና የታናሽ ወንድሜ ልጅ እዚያው ያሬድ ገብታ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ዋና መሣሪያዋ ማሲንቆ ነው። ትምህርቱ ከውጭ ሲያዩትና ከቤት ውስጥ ሲያዩት ምን ያህል እንደሚለያይ በእሷ አይቻለሁ። የአባቷንም ኩርፊያ አውቀዋለሁ።

ወላጅን የሚያስፈራው ሁለት ነገር ነው፤ እንጀራና ስም። የእንጀራው ነገር ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ እመለስበታለሁ። የስሙ ነገር ግን ሁልጊዜም ይገርመኛል። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይላሉ፣ እንደ ስድብ። ቃሉ ራሱ ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምራንም ከዚያው ግንድ ናቸው። ደግሞስ ዜማ በዚህ አገር ከፍተኛ ትምህርት ያልነበረው መቼ ነው? ከንባብ ቤት አልፎ ዜማ ቤት የገባ የቆሎ ተማሪ ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ዓመታት ይፈጅበታል። ተመርቆ መሪጌታ ሲባል ከመቀመጫችን ተነሥተን እንቀበለዋለን እንጂ «ጊዜውን በዜማ አባከነ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ነርስነትም ቢሆን በእኛ ጊዜ እንዲሁ ስም ወጥቶለት ነበር። እኔ ዲፕሎማዬን ልማር ስገባ የአባቴ ጓደኞች «ልጅህን የሰው ቁስል አጣቢ ልታደርጋት ነው?» ብለውታል። የእነዚያው ሰዎች ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ነርስ ለማድረግ የሚያማክሩት እኔን ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቦቻቸው ወደ ዌልስ የላኳቸው ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር። እሳቸው ግን ልባቸው ወደ ሙዚቃ ሄደ፤ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ተማሩ፤ ኢትዮ ጃዝ የምንለውም በእሳቸው እጅ መጣ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ደግሞ እንደ ጤና ባለሙያ ይከብደኛል። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የጀመሩ፣ በኋላም ካይሮ ድረስ ሄደው የተማሩ ወጣት ነበሩ። ለንደን በሚገኘው የንጉሣውያን የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው ሳለ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ምግብ አልቀምስ ብለው ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሱ። ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ፒያኖው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉትም ዓለም በፒያኗቸው አውቋቸው ነው። ይህን የማነሣው የእናንተ ልጅ ሙላቱን ይሆናል ለማለት አይደለም፤ ብዙው አይሆንም። ነገር ግን ልጅ በኩርፊያ ምግብ ሲተው «ሲርበው ይበላል» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። በዚህ ዕድሜ ቀናት የቆጠረ የምግብ መተው፣ የእንቅልፍ ማጣትና ክፍል ዘግቶ መቀመጥ ከኩርፊያ አልፎ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። ስለ ትምህርቱ ምርጫ ከመከራከራችሁ በፊት ልጁን ለሐኪም አሳዩ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ያሬድ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ፣ በንጉሡ ዘመን በቡልጋሪያ መንግሥት ርዳታ የተገነባ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩና «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ሥራ የደረሱ ሰው ነበሩ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ተማሪው የሚመረቀውም እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በባችለር ዲግሪ ነው። ይህን የምለው «ዲግሪ አለው እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ለመግባት ሁለት በር አለ፤ ሁለቱንም ማለፍ ያስፈልጋል። አንደኛው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትና ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው መመዘኛ ነው። «ሙዚቃ ስለሆነ ነጥብ አይጠይቅም» የሚለው ወሬ ልጆችን ከትምህርት አዘናግቷል። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የተሰጥኦ ፈተና ነው። እንዲህ ያለ ፈተና በአብዛኛው የሚያየው ጆሮንና ምትን ነው፤ ፈታኙ በፒያኖ አንድ ድምፅ ይመታል፣ ልጁ በአፉ ይመልሳል፤ ፈታኙ በጭብጨባ ምት ይሰጣል፣ ልጁ ደግሞ ያጨበጭባል፤ መሣሪያ የሚችል ይጫወታል፤ ከዚያ «ለምን መጣህ?» ይባላል። የነጥቡ ወሰንና የምዝገባው ቀን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ። በቅጹ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫም በቁም ነገር ይሞላ። ወንድሜ ከልጁ ጋር የተስማማበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር፤ ሁለተኛ ምርጫዋ ፋርማሲ ነበረች።

«ሳይጀምር አረጀ እኮ፣ በዚህ ዕድሜ ፒያኖ ይጀመራል?» የሚሉም አሉ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ ነበር እንጂ ከፒያኖ ጋር የተዋወቁት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሲገቡ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄደው ተምረው ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቱንም አስተምረውበታል። ዘግይቶ መጀመር ይቻላል ማለት ነው፤ የጊዜው ዋጋ ግን በየቀኑ ሰዓት ይከፈላል። ልጃችሁ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ከሆነ ከአሁኑ ኖታ ማንበብ ይጀምር። የትምህርት ቤት ክበብም ሆነ የቤተ እምነት መዘምራን ጆሮውን ያሠለጥኑለታል። ባትሪ የሚይዝ ትንሽ ኪቦርድ ከተገኘ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር የሆኑ አያቶችም ትጠይቁኛላችሁ። በእንግሊዝ አገር ለሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪዎች የሚቀርበው ማመልከቻ የሚዘጋው ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በእኛ መስከረም ማብቂያ አካባቢ ነው። ብዙ ወላጅ እንደ ሌላው ትምህርት ጥር የሚዘጋ መስሎት ያልፈዋል። አሜሪካ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዲግሪ አለ። «ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ» ከሚባለው ትምህርት ሁለት ሦስተኛው ያህል ሙዚቃ ነው፤ «ባችለር ኦፍ አርትስ» በሚባለው ሙዚቃው ሲሶ አካባቢ ሆኖ ቀሪው ሌላ ትምህርት ነው። አባት «ኮምፒውተርም ይማር» ካለ፣ ልጅም ሙዚቃን ካልተወ፣ ሁለተኛው መንገድ ቤት ያስታርቃል። የልጅ ልጃችሁ የትኛውን እንደሚያመለክት በስልክ ጠይቁት፤ አያት ሲጠይቅ ይመልሳል።

ከገባ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ሙዚቃ መማር ሲጫወቱ መዋል ይመስለዋል። የወንድሜ ልጅ አንድ ዋና መሣሪያ አላት፣ ሁለተኛ መሣሪያ አላት፣ ቲዮሪ አለባት፣ ሶልፌዥ አለባት፤ እሱም ኖታ እያዩ በድምፅ ማንበብ ማለት ነው። የሙዚቃ ታሪክና የቡድን ልምምድም አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን ከልጅነቷ ጀምሮ በሬዲዮ ስትሰማ ኖራለች፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ከየትኛው ድምፅ ተነሥቶ በየትኛው እንደሚያልፍ በወረቀት መጻፍ አለባት። የመሣሪያው ትምህርት ደግሞ አንድ ለአንድ ነው፤ አስተማሪውና እሷ ብቻ። ይህ የእኛን ተግባር ልምምድ አስታወሰኝ። መርፌ ስወጋ አስተማሪዬ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው። ያልተለማመደ እጅ መደበቂያ የለውም።

ስለዚህ ልጁ ቤት ሲመጣ የሚፈልገው ጊዜና ክፍል ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ልምምድ ብርቅ አይደለም። አንዲቱን መስመር ሃያ ጊዜ ይደጋግማታል፤ ለሰሚ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ያኔ «ምነው አንድ የሚታወቅ ዘፈን ብትጫወት?» አትበሉ። በመካከል «እስቲ ሱቅ ድረስ» ብላችሁ አትላኩት። ለሌላው ልጅ «ዝም በሉ፣ እያጠና ነው» እንደምትሉት ለዚህም በሉለት። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ጎረቤት እስኪያንኳኳ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ሂዱና ሰዓቱን ተነጋገሩ። ወንድሜ ቤት ከቀኑ አሥር እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተባብለው፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ ከላይ ያሉት እማማ ራሳቸው «ዛሬ ምነው ዝም አለች?» ማለት ጀምረዋል። ጥሩምባና ሳክስፎን ለሚማር ግን ብርድ ልብስ አይበቃም፤ የትምህርት ቤቱን መለማመጃ ክፍል በጊዜ ሄዶ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ይህን ነገር ሌላ ሰው አይነግራችሁም ብዬ እሰጋለሁ።

እጅ። ፈተና ሲደርስ ልጆች አምስት ስድስት ሰዓት ሳያርፉ ይሠራሉ፤ ጅማት ያብጣል። የተለመደው ምክር 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ በዕረፍቱ መሣሪያውን አስቀምጦ መነሣት እንጂ ስልክ መነካካት አይደለም፤ ስልኩም ያንኑ ጣት ያሠራል። ሲጫወቱ የሚጀምር ሕመም ቆም የማለት ምልክት ነው። «ተቋቋመው፣ ይለምድሃል» የሚባለው ለጣት ጫፍ ቆዳ እንጂ ለእጅ አንጓ አይሠራም። በሌሊት አውራ ጣትና ተከታዮቹ ጣቶች እየደነዘዙ ከእንቅልፍ የሚያነቁ ከሆነ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም አሳዩ። እባካችሁ ያበጠ ጅማት ወደ ወጌሻ ወስዳችሁ አታሳሹ።

ጆሮ። ይህኛው ተመልሶ አይገኝም። በሙያችን የምንጠቀመው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በጠባብ ክፍል የሚነፋ ጥሩምባ ከ90 በቀላሉ ያልፋል፤ ሠርግ ቤት ከስፒከር ሥር የሚቆም ልጅማ አይነሣ። ከሥራ በኋላ ጆሮው ጭው የሚል ከሆነ ጆሮው እየነገረው ነው። የጆሮ መክደኛ ይግዛ፤ ሙዚቀኛ የሚጠቀምበት ድምፁን ሳያበላሽ የሚቀንስ ዓይነት አለ።

ድምፅ። ዘፈን ወይም መዝሙር የሚማሩ ልጆች ጥሬ እንቁላል ሲጠጡ አያለሁ። የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ የድምፅ አውታሩ ያለው በአየር ቧንቧው በኩል ስለሆነ እንቁላሉ አይደርስበትም፤ ጥሬነቱ ግን ተቅማጥ ያመጣል። ውኃ ይጠጡ፣ ያርፉ። ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም፤ እንዲያውም ያደክማል። ሻካራ ድምፅ ከሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ሳያይ መዝፈን የለም።

አፍ። የሚነፋ መሣሪያ ለሚማር ልጅ በአፉ የሚይዘው ክፍል፣ ማውዝፒስ የሚሉት፣ የራሱ ይሁን፤ በየጊዜው በሳሙና ይታጠብ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ልጅ ለጓደኛው አይስጥ፣ ከጓደኛውም አይቀበል። ዋሽንትም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁ ግን የመድረክ ፍርሃትን ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ማሲንቆ ላይ የተንቀጠቀጠ እጅ አዳራሹ ሙሉ ይሰማል። ልጆች እርስ በርስ «አንዲት ክኒን አለች» ይባባላሉ። ክኒኗ ፕሮፕራኖሎል ናት፤ ምናልባትም ከእናንተው የግፊት መድኃኒት ከረጢት ውስጥ ትገኛለች። ሐኪም ሲያዛት ትረዳለች፤ አስም ላለበት ልጅ ግን የመተንፈሻ ቧንቧውን ልታጠብበት ትችላለች፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ ምት ትሸፍንበታለች። መድኃኒታችሁን ቆጥራችሁ አስቀምጡ። ጫት አበርትቶኝ አደርኩ የሚለውም ሲነጋ እጁ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። የሚረዳው ሰው ፊት መልመድ ነው፤ ከፈተናው በፊት ቤት ውስጥ፣ ሳሎን፣ እናንተ ፊት፣ ቆሞ ይጫወት። እዚያ ላይ አያት ከማንም ይሻላል።

የእንጀራውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የወንድሜን ልጅ ቀደምቶች የማያቸው የግል ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ፣ ቤት ለቤት ፒያኖ ሲያስጠኑ፣ ስቱዲዮ ሲያቀናብሩ፣ በትያትር ቤቶችና በማርሽ ባንድ ሲሠሩ፣ ሆቴልና ሠርግ ላይ ሲጫወቱ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ሦስቱን አጣምረው ይይዛሉ። ገቢው ወጣ ገባ ነው። ጥር ሠርጉ ይደራረባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ዘፈኑም ይቆማል። ስለዚህ የጥሩን ገንዘብ ለመጋቢት ማስቀመጥ የሚችል ልጅ ይኖራል፤ የማይችለው ይቸገራል። በእኔ አስተያየት የማስተማር ችሎታ ያለው ልጅ አይጠፋም፤ ጨዋታውን ብቻ የተማረ ግን ምሽት ምሽት ሲሠራ ጤናውን ይጨርሳል። ልጃችሁን ከትምህርቱ ጎን ለጎን ልጆችን ማስጠናት እንዲለማመድ ገፋፉት። ለሠፈር ልጅ ሳምንት አንድ ሰዓት ክራር ቢያስጠና የትራንስፖርቱን ያገኛል፤ አባቱም አንድ ነገር ያያል።

ወንድሜ እስካሁን ስለ ልጁ ሲጠየቅ «ዩኒቨርሲቲ ናት» ብሎ ያልፋል እንጂ ምን እንደምትማር አይናገርም። የማሲንቆዋ ጭራ ሲበጠስ ግን አዲስ የፈረስ ጭራ ፍለጋ መርካቶ የሚዞረው እሱ ነው። ለአባቶች የምጨምረው የለኝም። ለእናቶችና ለአያቶች ግን ይህችን አትርሱ፤ እሱ እስኪናገር እናንተ ለልጁ ንገሩት።

በትምህርቱ መጨረሻ ተማሪው ብቻውን ወይም ከአጃቢ ጋር የሚያቀርበው ዝግጅት አለ፤ ሪሳይታል ይሉታል። ፈታኞቹ ተቀምጠው ነጥብ ይይዛሉ፤ ለልጁ የምረቃ ቀን ማለት ያ ነው። ከተጠራችሁ ሂዱ። እልልታው ሥራው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ይቆይ፤ በመካከል ዝም ያለ ሲመስላችሁ ያላለቀ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ አብራችሁ አጨብጭቡ። ስልክ ይጠፋ። ሳል ያለበት ሰው ዳር ወንበር ይያዝ። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ሰዓቱ ሳይደርስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ።